የሰባት ዓመቷ ሚኒባስ

መኪና ከባሕር ማዶ ሲመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጎማውን በእግሩ ይመታል። ለምን እንደሚመታው የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ የምጎትተው የደህንነት ቀበቶውን ነው። እስከ መጨረሻው ሲጎተት፣ ወለሉ አጠገብ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያይበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ጨርቅ ተሰፍታ ትገኛለች። የተሠራበት ዓመት እሷ ላይ አለ። ወረቀት የጻፈውን ሰው ይመስላል። ያቺ ጨርቅ ግን ፋብሪካ ውስጥ ስትሰፋ ስለ ማንም ቀረጥ አላሰበችም።

ትራንዚተር ነኝ። በሰው ስም ለጉምሩክ ሰነድ አስገባለሁ፣ ዕቃውን አስፈትሻለሁ፣ አስወጥቼ ለባለቤቱ አስረክባለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ፈቃዴ አንድም ቀን ታግዶ አያውቅም። ወንዶቹ ትራንዚተሮች ገና መስኮት ላይ ሲጨቃጨቁ እኔ ጨርሼ እወጣለሁ። ጉራ ከመሰላችሁ ይምሰላችሁ፤ የሠራሁበት ጉራ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው እትዬ ምን እንዳደረገችኝ እንዲገባችሁ ነው።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ አምስት። ትምህርቷን ትታ አሳደገችኝ፤ በኩርኩምም በፍቅርም። አሁን የተማሪ ሰርቪስ ትነዳለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ሚኒባስ ሠላሳ ልጅ በሁለት ዙር ስታመላልስ ኖራ፣ ዘንድሮ ባለቤቱ «ለልጄ ልሰጠው ነው» ብሎ ወሰደባት። እሷም ያላትን ጥሪት አሟጣ ከባሕር ማዶ ያገለገለ ሚኒባስ ገዛች። ትምህርት ሰኞ ይከፈታል። ሰኞ ጠዋት መኪና ይዛ ካልመጣች ወላጆቹ ሌላ ሰርቪስ ይይዛሉ፤ ይህንንም ሳይደብቁ ነግረዋታል።

መርከቡ ደረሰ በተባለ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቢሮዬ መጣች። የክፍያውን ዝርዝር ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የማራገፊያ።»

«እሺ፣ ከመርከብ ዘሎ አይወርድም። ይሄስ?»

«የመጋዘን ኪራይ። በቀን ነው የሚታሰበው።»

«ሜዳ ላይ አይደል እንዴ የቆመችው? መጋዘኑ የታለ?»

«ስሙ ነው፣ እትዬ።»

«በስም ያስከፍላሉ? ይሄስ?»

«የሰነድ መስጫ።»

«ወረቀት ለሰጡበት ነው የሚቀበሉኝ? እንግዲህ እኔም ለተቀበልኩበት ላስከፍላቸዋ!» ብላ ዝርዝሩን ገለበጠችው። «ያንቺስ የታል?»

«የኔ የለም። ላንቺ ደግሞ የአገልግሎት ላስከፍል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ነፃ ነገር አልወድም» ብላ አንድ ሰዓት ትጣላኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሻይዋን ብቻ አማሰለች። ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

በዚያው ከሰዓት የቀረጥ ማስታወቂያ ሰነዱን ሞልቼ፣ ፈርሜ አስገባሁ። የሻጩ ወረቀት ሚኒባሷ የአራት ዓመት ናት ይላል። አምስት ዓመት ያለፈው መኪና ቀረጡ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ እሷ ግን ከመስመሩ በታች ናት ብዬ ደስ አለኝ። መኪናዋን በዓይኔ አላየኋትም ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቀበቶ ሳልጎትት ሰነድ አስገብቼ አላውቅም። ለባዕድ የማላደርገውን ለእህቴ አደረግኩት፤ ሰኞ እየደረሰ ነው፣ ደግሞስ እትዬን ምን ብዬ ልጠርጥር? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ረቡዕ ዕለት አብረን ወደ ጉምሩክ ሜዳ ሄድን። ከባሕር ማዶ የመጡ መኪኖች አቧራ ለብሰው፣ መስታወታቸው ላይ በጠመኔ ቁጥር ተጽፎባቸው በረድፍ ቆመዋል። የኛዋ ነጭ ናት፤ ጥግ ላይ ነበረች። እትዬ ገብታ መሪውን ያዘች፣ መስታወቱን ለቁመቷ አስተካከለች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ ወንበሮቹን ቆጠረች። አሥራ ስድስት። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ለመግለጽ አልሞክርም። እኔም ደስ ብሎኝ፣ እጄ ልማዱን አይተውምና፣ አጠገቤ ያለውን ቀበቶ ሳብኩት።

ሰባት ዓመት።

ሁለተኛውን ሳብኩ። ሦስተኛውን ሳብኩ። ሁሉም ሰባት።

«እትዬ፣ ነይ እስቲ ይህን እዪ።»

ወርዳ መጣች፣ ጎንበስ አለች፣ መነጽሯን አስተካክላ ጨርቋን ብዙ አየቻት። ከዚያ፣

«እዚህም ላይ ይጽፋሉ እንዴ?» አለች።

የተታለለ ሰው እንዴት እንደሚጮህ አውቃለሁ፤ ብዙ ደንበኞቼ እዚያው ሜዳ ላይ ጮኸውብኛል። እትዬ አልጮኸችም። የሷ ጥያቄ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ጥያቄ ነበር።

«ዓመቱን የቀነሰው ማነው?»

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች።

«እትዬ!»

«እኔ ነኝ፣ አትጩሂብኝ» አለች። «የሰፈራችን ደላላ ነው የመከረኝ። ሻጩን ብትጠይቂው የፈለግሽውን ዓመት ይጽፍልሻል አለኝ። ደብዳቤ ላክሁለት፣ ጻፈልኝ። ካለዚያ ያን ሁሉ ቀረጥ ከየት አመጣለሁ?»

«ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ አውቀሽ ልትዋሺ ነው። ካልነገርኩሽ ግን አላወቅሽም፤ ንጹሕ ነሽ። ኃጢአቱ የኔ ብቻ ይሁን ብዬ ነው።»

«ሰነዱ ላይ የፈረመው ማነው?»

«አንቺ ነሻ።»

«ውሸት ሆኖ ሲገኝስ ማን የሚጠየቅ ይመስልሻል?»

«ባለቤቷ ነኛ!» አለች በሙሉ ልብ። «አንቺ ምን አገባሽ? ወረቀት አድራሽ አይደለሽ?»

ወረቀት አድራሽ! ደሜ ፈላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ምን እንደሆነ ለገዛ እህቴ አስረድቼ አላውቅም ማለት ነው። እዚያው አቧራው ላይ ቆሜ ነገርኳት፤ ፊርማዬ «አይቼ አረጋግጫለሁ» ማለት እንደሆነ፣ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ፈቃዴ እንደሚነጠቅ፣ ፈቃዴ ከተነጠቀ ቢሮዬን እንደምዘጋ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተናገርኩት። አይጥ በበላ ዳዋ ልትመታ ነው እንግዲህ አልኳት። እትዬ ፊቷ አመድ መሰለ። የሚኒባሷ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

«መቀስ አለኝ» አለች፣ ቦርሳዋን እየከፈተች።

እውነቱን ልናገር፤ እጄን ዘርግቼ ነበር። ከዚያ ወንበሮቹን አየሁ።

«አሥራ ስድስት ጨርቅ ልንቆርጥ ነው፣ እትዬ? ነገ የሚፈትሸው ሰው ምስጥ መሆኑን አታውቂም።»

ምስጥ ብለን የሰየምነው እኛ ትራንዚተሮች ነን፤ የገባበት ወረቀት ስለማይተርፍ። ጨርቋ የተቆረጠ አንዲት ቀበቶ ካየ መኪናዋን ቡሎን በቡሎን ይፈታታል። ግን ቶሎ ሌላ መንገድ ታየኝ፤ ሥራዬ ነው። ፈታሹ የመኪናውን በር ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ሰነዱን ካስተካከለ የቀረጡን ልዩነት ይከፍላል እንጂ አይቀጣም፤ ትራንዚተሩም አይነካም። የሚያስፈልገው የባለቤቱ ማመልከቻ ነው። ማመልከቻው ላይ የሚጻፈውን ምክንያትም እዚያው ነገርኳት፤ «የጽሕፈት ስህተት» እንላለን።

«ሌላ ውሸት ነዋ» አለች።

«ውሸት አይደለም፤ የቢሮ ቋንቋ ነው።»

ሐሙስ ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት ከፊት የቆምነው እኛ ነበርን። ምስጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ማመልከቻውን አነበበ። ፊት ለፊቱ «እርስዎ» እንለዋለን፤ አንቱታው እዚያው መስኮት ላይ ይቀራል።

«ዓመት ለማስተካከል» አለ። «ምክንያት፣ የጽሕፈት ስህተት። በዚህ ወር ይሄ አሥራ አራተኛው ነው። ባሕር ማዶ ያለ ጸሐፊ ሁሉ እጁ ይንቀጠቀጣል ልበል?»

«ያጋጥማል፣ ጋሼ» አልኩ በፈገግታ።

«ያጋጥማል። ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የጽሕፈት ስህተት የሚል ሲመጣ ለሻጩ እንጽፋለን። መልሱ ሳይመጣ መኪናው አይንቀሳቀስም።»

«መልሱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሦስት ሳምንት። አራትም ይሆናል።»

ቀልቤ ተገፈፈ። ሰኞ ሄደች ማለት ነው። ከዚያም የባሰ አለ፤ ሻጩ ራሱን ለማዳን የእትዬን ደብዳቤ አያይዞ ይልካል፣ ያኔ ሁለታችንም አለቀልን።

«ጌታዬ» አለች እትዬ ከጎኔ፣ «የጽሕፈት ስህተት አይደለም።»

ክንዷን ቆነጠጥኳት። ከነመኖሬም ረሳችኝ።

«እኔ ነኝ ያስጻፍኩት። አራት ዓመት በልልኝ ብዬ ለሻጩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀረጡን ፈርቼ ነው። ሻጩን አትጠይቁት፤ የሚለውን ሁሉ እኔ ነግሬያችኋለሁ።»

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው አንገቱን አሰገገ። ምስጥ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ወደኔ ዞረ።

«አንቺ ሰነዱን ስታስገቢ ታውቂ ነበር?»

እትዬ ቀደመችኝ። «እሷ? ብታውቅ ኖሮ ዛሬ እዚህ በእግሬ የምቆም ይመስልዎታል? ትናንት ሜዳው ላይ ስትጮህብኝ ዘበኞቹ ሁሉ ሰምተዋል። ይጠይቋቸው።»

«ይሄን የጽሕፈት ስህተት የሚለውን የጻፈውስ?»

«እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አሁን የኔ ተራ ነበር፤ እሷ እንዲያ ተናግራ እኔ ልደበቅ?

ምስጥ ሁለታችንንም አንድ ባንድ አየን። ማመልከቻውን ለሁለት ቀደደውና ባዶ ወረቀት በመስኮቱ ገፋልን።

«እንደገና ይጻፉት» አለ ለእትዬ። «እውነቱን፣ በራስዎ እጅ። የመኪናዋን በር ገና አልከፈትኩም፤ ደንቡ ቀድሞ የተናገረን አይቀጣም። ስምዎ ግን መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሁለተኛ ቢመጡ አልሰማዎትም።»

እትዬ ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ጻፈች። ወረፋው ሲያጉረመርም ዞሬ አንዴ አየኋቸው፤ ተዉት። ምስጥ ተቀብሎ፣ አስልቶ የቀረጡን ልዩነት ጽፎ ሰጣት። እትዬ ቁጥሩን አይታ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው።

«እንግዲህ ትቅር» አለች። «መኪናዋ ትቅር። አንቺ ዳንሽ፤ ይበቃኛል።»

እኔ ግን ይሄን ማታ አስቤበት ነበር፤ እሷን ያላማከርኳት እንዳትከለክለኝ ብዬ ነው።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ለሕዝብ ማመላለሻ የተፈቀደውን የዋስትና ቅጽ ይስጡኝ። ልዩነቱን በየወሩ ትከፍላለች። ዋሷ እኔ ነኝ፤ መያዣው ፈቃዴ።»

ምስጥ ብዕሩን አቆመ። «በዚህ ሁሉ ዓመት ለአንድ ደንበኛ ዋስ ሆነሽ አላየሁሽም። ባልሽ መኪና ያስመጣ ጊዜ እንኳ አልሆንሽም።»

«ባሌማ ገንዘብ ነበረዋ!»

ቅጹን ሲሰጠኝ እትዬ ነጠቀችኝ። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ጣቷ አራተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«አንድ ወር ሳልከፍል ብቀር ፈቃድሽን ይወስዳሉ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«አትፈርሚ።»

«እትዬ…»

«መጀመሪያ የዋሸሁት አንቺን እንዳይነካሽ ብዬ ነው። ዛሬ እውነቱን የተናገርኩትም አንቺን እንዳይነካሽ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ አንቺው ዘለሽ ልትገቢበት? አትፈርሚ ብያለሁ።»

እትዬ «ብያለሁ» ካለች በኛ ቤት ነገሩ አልቋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲያ ነው የኖርነው።

«እኔን ስታሳድጊ ዋስ የሆነሽ ማን ነበር?» አልኳት። «አሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር። ማንን አማከርሽ? ቅጹን ስጪኝ። እዚህ መስኮት ላይ አዛዧ እኔ ነኝ። ዝም በይ።»

በሕይወቴ እትዬን ዝም በይ ብያት አላውቅም። ቅጹን ሰጠችኝ። ፈረምኩ። ምስጥም ማህተሙን አነሳና መታው፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥታችሁ ውሰዷት አለ።

እትዬ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ ለሱ ብቻ የምትነግረው አስመስላ፣ ግን ወረፋው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣

«እኔ ነኝ ያሳደግኳት» አለችው።