ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሱሪ

ልጄ ዓርብ እመጣለሁ ብላ ሐሙስ መጣች። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የእኔ አይደለም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኩሻለሁ። ሰፈሩ «ተኳሹ» ይለኛል። ከታች አዲስ የተቀጠረው ዘበኛ ይህን ሰምቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከወንበሩ ብድግ እያለ ሰላም ሲለኝ ከረመ። የምተኩሰው በካውያ መሆኑን ሰዎች ሲነግሩት መነሳቱን ተወ። አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ፤ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ሻማው ወድቆ፣ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ፣ ሰሙ ምንጣፉ ላይና ሱሪዬ ጉልበት ላይ ረግቷል። ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን፣ ቤቱ አልተቃጠለ» ይል ነበር። እኔ ያልኩት «ልጄ እንዳታይ» ነው። ባለፈው ድስት ምድጃ ላይ ረስቼ፣ ጎረቤት ጭሱን አይቶ ደውሎላት ነበር። ያን ቀን «አባዬ፣ ሁለተኛ እሳት የሚባል ነገር ከሰማሁ ዕቃህን ጠቅልለህ እኔ ጋ ነህ» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። እሷ ጋ ማለት ከጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቷ የሚያየው የሰው ግድግዳ ነው። ልጄን እወዳታለሁ። የራሴን ቁልፍም እወደዋለሁ።

ዓርብ የሕንፃችን ደረጃ የሚታጠብበት ቀን ነው። ደረጃ አጣቢዋ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ዓርብ አሳልፋ ወይ ቀድማ አታውቅም። ልጄም የምትመጣው በዚያው ቀን ስለሆነ ገና አንድ ሙሉ ቀን አለኝ ብዬ ጠዋት መብራቱ ሲመጣ ተረጋግቼ ሥራ ጀመርኩ።

ሰም ችኩል ሰው አይወድም። በጥፍሩ የሚፍቅ፣ ሙቅ ውሃ የሚደፋ ሰው ምንጣፉን ገደለው ማለት ነው። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ። በረዶ በላስቲክ ቋጥሬ ሰሙ ላይ አኖርኩ፤ ድንጋይ ሲሆን በማንኪያ ጀርባ መታ መታ አድርጌ ሰባበርኩና ለቀምኩት። ቢላ አይነካም፤ ቢላ የምንጣፉን ፀጉር ያጭደዋል። የቀረው ላይ ካኪ ወረቀት አንጥፌ ለብ ባለ ካውያ አለፍኩበት። ጋዜጣ ያነጠፈ ሰው ዜናውን ምንጣፉ ላይ ያነበዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስለ ሞኙ አላውቅም፣ ስለ ወረቀቱ ግን እውነት ነው። ሰሙን ጠጥቶ ሲወዛ ወደ ንጹሕ ቦታው እያዞርኩ አራት ጊዜ ደጋገምኩት። የተረፈውን ቅባት በሳሙና ውሃ አበስኩ።

ምንጣፉ አለቀ። ሱሪውን አጣጥፌ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት፤ ጨርቅ ላይ ያለ ሰም በደንብ ሲቀዘቅዝ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ይሄኔ በሩ ተንኳኳ።

«ዛሬ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ምንም። ግቢ።»

ልጄ ነርስ ናት። ነጩን ጋውን እንደለበሰች ነው የመጣችው፤ ኮሌታው ተጨማዷል። የተኳሽ ልጅ! ምድጃውን አየች፣ አሸተተች፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ልክ ሰሙ የነበረበት ቦታ ላይ አሳረፈች። ምንም አላየችም። በሆዴ ኮራሁ።

«በረዶ ያለው ውሃ ልጠጣ» ብላ ወደ ኩሽና ገባች። የፍሪዘሩ በር ሲከፈት ሰማሁ። ሲዘጋ አልሰማሁም።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ሱሪህ ፍሪዘር ውስጥ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዶሮው ላይ ነው።»

«ሌላ ቦታ አልነበረም።»

ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘችኝ። ድምፅዋ ተለውጧል፤ ለበሽተኞቿ የምታወጣው ድምፅ ነው። «አባዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ደሜ ፈላ። «እኔን ነው? የስንቱን ሰው ሱሪ ከነባለቤቱ በቃሌ የማውቀውን ሰውዬ?»

«ዝም ብለህ ንገረኝ።»

«አልነግርሽም።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንጀቴን በላችው። ዝም ካልኩ ሱሪውን ከዶሮ ጋር የሚያስቀምጥ ሰውዬ ነኝ፤ ከተናገርኩ ሻማ ለኩሶ የሚተኛ ሰውዬ ነኝ። ጃጀ ከምባል አጠፋ ብባል ይሻላል።

«ሰም ነው» አልኩ፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

«ተኝተህ?»

«ተኝቼ።»

እኔ በሐሳቤ ከጀርባዋ ክፍል ገብቼ ግድግዳውን ማየት ጀምሬያለሁ። ከዚያ ተነስታ ሱሪውን ራሷ አመጣችው። እንጨት ሆኗል። «አሳየኝ» አለች።

ጉልበቱን አጠፍ አደረግኩት፤ ሰሙ ተፈርፍሮ ረገፈ። ወረቀት ከላይ፣ ወረቀት ከታች፣ ከዚያ ካውያ። ሲኒ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ካውያ ስይዝ አይንቀጠቀጥም። እሷ የምታየው ሱሪውን ሳይሆን እጄን ነበር።

«በቃ፣ ተኩስ አቁም እንፈራረም» አለች በመጨረሻ። ሻማና ክብሪቱን ይዛ ትሄዳለች፤ ባትሪ ትገዛልኛለች፤ በየምሽቱ ትደውላለች። እኔ እዚሁ እቆያለሁ።

«ካውያውስ?»

«ይቆይ።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በር ላይ ኮሌታዋን በመዳፌ ተጫንኩላት፤ እንቢ አላለችም። ካሸነፍኩ አይቀር ልመልስላት ብዬ፣ «ሐሙስ» አልኳት።

«ምን?»

«ጠይቀሽኝ የለ? ቀኑ ሐሙስ ነው።»

አየችኝ። እንደ ቅድሙ እጄን ያዘችኝ። «ነው፣ አባዬ» አለች በዚያ ለበሽተኞቿ በምታወጣው ድምፅ፤ ጉንጬን ስማኝ ወረደች።

መደገፊያውን ይዛ፣ ቀስ እያለች ነበር የምትወርደው። ደረጃው እርጥብ ነው። ደረጃ አጣቢዋ ከታች ባልዲዋን ይዛ አሳለፈቻት።

ዛሬ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቀድሞ መጣ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ደረጃ አጣቢዋ ግን ቀድማ አታውቅም። ፈራሁ።