ለአምሐ ዓሣ የተቀዳ ጠበል

መምሬ ወልደኢየሱስ ያን ዓሣ መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም ነበር። በክፍለ ሀገር ከተማቸው፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለች ሁለት ክፍል ቤት አንዱን ግድግዳ የመስታወት ገንዳ ሲይዘው ማን ይወዳል? ልጃቸው አምሐ የባዮሎጂ መምህር ነው። ዓሣውን ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣ ዕለት፣ የባሕር ዓሣ ስለሆነ ጨዋማ ውሃ ካልሆነ አይኖርም፣ ምግቡም መስታወቱ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ ነው ብሎ አስረዳ። ሥጋ እንደማይነካ ሲሰሙ መምሬ ሳቁ፤ ከእኔ የበለጠ ጿሚ ቤቴ ገባ አሉና ከዚያ ወዲህ ባይናገሩትም ወደዱት።

ከፋሲካ በኋላ አምሐ ኩላሊቱን ታሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኛ። እናቱ የትነበርሽ አስታማሚ ሆና አብራው ሄደች፤ መምሬ ከዓሣው ጋር ቀሩ። ልጁ ሲሰናበት ሌላ አደራ አልሰጣቸውም፤ ስመለስ በሕይወት ላግኘው ብቻ አለ። ይህች ቃል አሳመመቻቸው። ዓሣው ከኖረ ልጄ ይመለሳል የሚል ሐሳብ ልባቸው ገብቶ አልወጣ አለ። ሠላሳ ዓመት የቀደሰ ካህን በዓሣ ገድ ማመኑ እንደሚያሳፍር ያውቃሉ፤ ለማንም አልተናገሩም።

አንድ ሰኞ መብራት ጠፍቶ ዋለ። የገንዳው ሞተር ቆመ፣ ዓሣውም ገርጥቶ ድንጋዩ ሥር ተወሸቀ። በማግስቱ መምሬ ከቅዳሴ ሲወጡ ለካህን የቀረበውን አደረጉ፤ ከደብራቸው ጠበል በጆግ ቀዱ፣ ከገንዳው ያንኑ ያህል ውሃ ጨልፈው ደፉ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ጠበሉን ጨመሩ። መብራቱም መጥቶ ነበርና ዓሣው ወጥቶ መስታወቱን መላስ ጀመረ። ደስ አላቸው። በየማለዳው አንድ ጆግ ደፍተው አንድ ጆግ መጨመሩን ቀጠሉ።

በሳምንቱ ዓሣው ደከመ። ሲደክም ሁለት ጆግ አደረጉት። መስታወቱ አረንጓዴ ለብሶ ምግቡ ሞልቶ ሳለ አልቀምስ አለ። አምሐ የተወው የጨው ከረጢት መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ በጠበል ላይ ጨው መነስነስ ግን በሐሳባቸውም አልመጣም። በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ ዓሣው ሞቶ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አገኙት።

ለስንቱ ምእመን መርዶ ያረዱ ሰው፣ አሁን ለልጃቸው ደውለው የዓሣ መርዶ አረዱ። አምሐ በቀጠነ ድምፅ ምን ጨምረውበት እንደነበር ጠየቀ። ጆጉን፣ የደፉትን ውሃ፣ የቀኑን ብዛት አንድ በአንድ ሲናገሩ፣ ከውሃው ጋር ጨዉን በእጃቸው እየደፉ እንደከረሙ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ።

አምሐ ትንሽ ሳለ ትኩሳት ይዞት እንኳ ጠበል አልጠጣም ብሎ አፉን የሚገጥም ነበር፤ መምህር ከሆነ ወዲህም በዚሁ ነገር አባቱን በየበዓሉ ይከራከራል። መምሬ ቁጣውን ጠበቁ። ቢቆጣቸው በወደዱ።

«ግድ የለም አባ» አለ። «ከዚያው ጠበል ለእኔም ይላኩልኝ።»

መምሬ እሺ አሉ። ሐኪሞቹ ምን እንዳሉት ሳይጠይቁ መቅረታቸውን ያስታወሱት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። መልሰው ግን አልደወሉም።