ሳትደርቅ የተመዘነችው ናሙና

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሟርቴ ይሉኛል። ደመና ካየሁ ጎርፍ፣ ልጄ ካስነጠሰ ቀብር ይታየኛል።

ሥራዬ መመዘን ነው። የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ብረት ውኃ ውስጥ ትገባለች፤ ከላይዋ የሚንቀጠቀጥ ዘንግ ጥቃቅን አረፋ እየፈጠረ ያፈነዳባታል። አረፋ ብረት ይበላል ሲሉኝ መጀመሪያ ስቄ ነበር። በየሰዓቱ አውጥቼ አጥባታለሁ፣ ምድጃ ውስጥ አደርቃታለሁ፣ ከዚያ እመዝናታለሁ። የጎደለው አረፋው የበላው ነው።

ያን ሰሞን የምንፈትነው ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ ለሚያወጣ ፓምፕ መዘውር የታሰበውን ብረት ነበር። ያንን ፓምፕ የሚጠብቀው የገዛ ልጄ ነው።

በመጨረሻው ሰዓት ልጄ ስልክ አላነሳ አለኝ። አሥር ጊዜ ደወልኩ። በአንድ እጄ ስልኩን፣ በሌላው ናሙናዋን እንደያዝኩ ምድጃ ሳላስገባት ሚዛን ላይ አኖርኳት። ሃያ ሁለት ሚሊግራም ጎደለች፤ ገደቡ ሃያ አምስት ነውና አለፈች። ልጄ ለካ እንቅልፍ ጥሎት ነው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ናሙናዎቹን ወደ መጋዘን ሳዛውር ልማድ ሆኖብኝ መዘንኳት። ሠላሳ አንድ ጎደለች። ሦስት ወር የተኛችበት መሳቢያ ብረት አይበላም። ያኔ ገባኝ፤ ያን ቀን በተቦረቦረው ገላዋ ውስጥ የቀረ ውኃ የተበላውን ብረት ተክቶ ተመዝኗል።

ለኃላፊው ነገርኩት። የፈተናው ወረቀት ተፈርሞ መዘውሩም ከተገጠመ መክረሙን፣ ባለፈው ሳምንትም ጣሪያው ይወድቃል ማለቴን አስታወሰኝ። ለማንኛውም ለማዕድኑ ደብዳቤ እንጽፋለን አለ።

ልጄ ጋ ደወልኩ።

«ዛሬ ጉድጓዱ አትውረድ።»

«እማ፣ ዘንድሮ ስንቴ ቀበርሽኝ? ሰባተኛዬ መሰለኝ።»

«ይሄ ስጋት አይደለም። የመዘውሩን ብረት መዝኜዋለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ፓምፑ ከትናንት ጀምሮ ጠጠር የሚያኝክ ይመስል እንደሚጮህ፣ ሁለት ጓደኞቹም ታች እንዳሉ ነገረኝ።

«አውጥቻቸው እመጣለሁ። አትዝጊው።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያኖር፣ በሩን ሲከፍት ሰማሁ። ከሩቅ ያ ድምፅ መጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከዘንጉ ሥር የሰማሁት ነው፤ አልስተውም።

ከዚያ ፓምፑ ቀጥ አለ።

ልጄን ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። ኃላፊው አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ ለደብዳቤው፣ ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳልነቅል ነገርኩት።