ጿሚዋ ድመት

ዘንድሮ በልግ አልዘነበም። የቧንቧ ውኃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ መጣ። ከእንጦጦ የሚወርደው ምንጭ ደረቀ። ከታች ያለው ሠፈር ለመንገድ ተነሣና አሥራ አራት ጎረቤት በአንድ ሳምንት ሄደ። በጥርና በየካቲት ከዕድራችን ስድስት ሰው ቀበርን። ዘርትሁን የጥምቀት ታቦት ሸኝታ ስትመለስ ኮረኮንቹ ላይ ወደቀችና የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ሁዳዴ የገባው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ዘርትሁን ጎረቤቴ ናት። የሚለየን አንድ አጥር ነው። እሷ ሰባ ሞልቷታል፤ እኔ ሰባ አራት። እሷ ባሏን፣ እኔ ሚስቴን ቀብረናል። ልጇ ናዝሬት ባለፈው ጥቅምት አግብታ ደሴ ሄዳለች። እናቷ ስትወድቅ መጥታ ሦስት ሳምንት አስታመመቻትና ሁዳዴ ሲገባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የማኅበሯ ሰው ሐመልማል እየመጣች ታጥብላታለች፣ ታበስልላታለች። ከሰዓት እኔ እቀመጣለሁ። ብዙ አናወራም።

ሐኪሞቹ ዳሌዋ ውስጥ ብረት አስገብተው ሲያሰናብቷት «ካልበላሽ አጥንቱ አይይዝም» ብለዋታል። እሷ ደግሞ ወደ ቀዶ ጥገናው ከመግባቷ በፊት ለእንጦጦ ራጉኤል ተስላ ነበር። በእግሬ እንድታቆመኝ እስከ ፋሲካ ከቤቴ ሥጋ አይገባም፣ በቤቴ ያለ ፍጡርም አይቀምስም ብላለች። በቤቷ ያለው ፍጡር እሷና ድመቷ ብቻ ናቸው።

ድመቷ ሻሺቱ ትባላለች። ግራጫ ናት፤ ሻሽ ያሰረች ይመስል አናቷ ብቻ ነጭ ነው። ምግብ ትመርጣለች። ዘርትሁን «የኔ ሻሺቱ ሁዳዴን ከሰው በላይ ትጾማለች» እያለች ለማኅበር ሰው ስታወራ ዓመታት አልፈዋል። ያልነገርኳት ነገር ነበር። ናዝሬት በየጾሙ ከአጥሩ ሥር ተደብቃ ለድመቷ ሥጋ ስትሰጥ አያት ነበር። ዘንድሮ ናዝሬት የለችም። ድመቷ በእውነት ጾመች።

በሦስተኛው ሳምንት አስመለሳት። ከዚያ ተቅማጥ ያዛት። ከዚያ ሽሮውንም ተልባውንም ተወች። ሳህኑን አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ዘርትሁን ከአልጋዋ ሆና ታያታለች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምግቧን ባቀርብላት በእጇ ገፋችው።

«እሷ ሳትበላ በየት በኩል ይወርድልኛል?»

«ድመት ናት እኮ።»

«ሂድ ወደዚያ! አንተ ምን ታውቃለህ፣ ዕድሜህን ከማገዶ ጋር የኖርክ።»

እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት የባሕር ዛፍ መጋዘን ጠብቄያለሁ።

የንዴት ቃል መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ሐመልማል ደጄ ላይ ቆማ «ጋሽ ልደቱ፣ ትናንት ያበሰልኩት እንዳለ ነው» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ዘርትሁን መድኃኒቷን በባዶ ሆዷ ወስዳ አስመለሳት። ስትናገር ድምፅዋ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር። ድመቷ በእግርጌዋ ተጋድማለች። ሁለቱንም አየሁ። ድመቷ ካልበላች ይህች ሴት ፋሲካን አታይም።

«ለዶርቃ ላሳያት» አልኳት።

ዶርቃ የከብት ሐኪም ናት። እንጦጦ ላይ ላሉ ገበሬዎች ላምና በግ ታክማለች።

«ውሰዳት» አለች ዘርትሁን። «ግን ሥጋ ብትቀምስ፣ እወቀው፣ ይሄ እግር ከዚህ አልጋ አይወርድም።»

ድመቷን በቅርጫት ይዤ ወጣሁ። ዶርቃ ሆዷን ዳበሰች። ከንፈሯን ገልጣ ድዷን አየች።

«ምንድን ነው የምትበላው አባባ?»

«ትጾማለች።»

ዶርቃ ሳቀች። ጴንጤ ናት፤ እንዲህ ያለ ጾም አታውቅም። እኔ እንዳልሳቅኩ ስታይ ተወች።

«ሽሮው ሽንኩርት አለው?»

«ያለ ሽንኩርት ምን ሽሮ አለ?»

«ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው። ላም ያለ ሣር እንደማትኖር ድመትም ያለ ሥጋ አትኖርም። ካልበላች ስንት ቀኗ ነው?»

«ሦስት።»

«ሰው ሦስት ቀን ቢጾም ይከሳል። ድመት ግን ጉበቷ ይበላሻል። ከነገ ካለፈ እኔም አልችላትም።»

ለማስመለሱ አንድ መርፌ ወጋቻት። የተቀቀለ ሥጋ ያለ ጨው እንድሰጣት ነገረችኝ።

«አልበላም ብትልስ? መራጭ ናት።»

ዶርቃ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ጥሬ። ጥሬ የራሱ ጣጣ አለው፤ ትል አለው፣ ሌላም በሽታ አለው። ለታመመ ሆድ አልመክርም። ግን ከረሃቡ ይሻላል። ዛሬ የታረደ፣ ቀይ፣ ስብ የሌለው ይሁን። እንደ ሽምብራ አድርገው ይቁረጡት። በመዳፍዎ ያሙቁት፤ ቀዝቃዛ አትነካም። በአንዴ ከሦስት ፍሬ አያስበልጡ። ካላስመለሳት ከሁለት ሰዓት በኋላ ሦስት ይጨምሩ። እጅዎንም በሳሙና።»

በሁዳዴ የክርስቲያን ሉካንዳ ዝግ ነው። ክፍት ያለው ላምበረት፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ የጀይላን ነው። ድመቷን ቤቴ ዘግቼባት በታክሲ ወረድኩ። መንገድ ላይ ያሰብኩት ስለ ድመቷ አልነበረም።

የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ተስቦ ያዘኝ። ሚስቴ በሽታውን ፈርታ ወደ ዘመዶቿ ሄደች፤ አልፈርድባትም። ዘርትሁን ብቻ ገባች። ያኔም ሁዳዴ ነበር። ሐኪሙ ሾርባ ካልጠጣ ይሞታል አለ። እኔ ደግሞ ጾሜን አልሽርም አልኩ። በሦስተኛው ቀን የባቄላ ነው ብላ አንድ ሳህን አቀረበችልኝ። ሽታው ጥርጣሬ ጣለብኝ። «ራጉኤልን በይ» አልኳት። «ራጉኤልን፣ ሥጋ የለበትም» አለች። ጠጣሁ። ዳንኩ። በፋሲካ ማግሥት የበግ ሾርባ እንደነበረ ራሷ ነገረችኝ። ለሐሰት መሐላዋ የነፍስ አባቷ አንድ ዓመት ቀጧት። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በባዶ እግሯ፣ በባሕር ዛፉ መሐል፣ እስከ ራጉኤል ትወጣ ነበር። አሥራ ሁለት ጊዜ በደጄ ስታልፍ አየኋት። ከዚያ ወዲህ ላደርግላት ያሰብኩትን ሁሉ እምቢ ብላለች።

ጀይላን ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነው። በሩ ላይ ሲያየኝ ከሩቅ ጮኸ።

«ጋሼ፣ መናኸሪያው በዚያ ነው!»

«ሩብ ኪሎ ቀይ ሥጋ።»

ቢላዋውን አቆመ። «በሁዳዴ? ከኔ? ምነው ጋሼ፣ ሰለሙ እንዴ?»

ተራ የሚጠብቁት ሳቁ።

«ለድመት ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት!» አለ። ደግሞ ሳቁ። እሱ ግን ከጥሩው ቦታ ቆረጠልኝ። «ጠዋት የታረደ ነው። ይማርልዎ ጋሼ፣ ድመቷን።»

ስወጣ ሐመልማል ማዶ ጥቅል ጎመን ይዛ ቆማለች። ሉካንዳውን አየች። እኔን አየች። ደም የቋጠረውን ፌስታል አየች። ሰላም ሳትለኝ አለፈች።

የቤቴን ቢላዋ አላስነካሁትም፤ የጾም ቢላዋ ነው። ምላጭ ገዛሁ። ግቢዬ ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆረጥኩ። መጀመሪያ ትንሽ ቀቅዬ ሰጠኋት። አሸተተች። ፊቷን አዞረች።

ጥሬውን በመዳፌ ያዝኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በሁዳዴ ሥጋ ነክቼ አላውቅም። እስኪሞቅ ጨበጥኩት። ከዚያ እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ድመቷ አፍንጫዋን አስጠጋች። ቆየች። መዳፌን ላሰች። ፍሬውን በጥርሷ ያዘች፣ አላመጠች፣ ጣለችው። ደግሜ አነሣሁት። አሁንም ጣለችው። በሦስተኛው ዋጠች።

ሁለተኛው ቶሎ ገባ። ሦስተኛውን ከጣቴ መነጨቀች። ሌላ ፈልጋ ጮኸች። አልሰጠኋትም።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አንዴ አንገቷ ወደፊት ተሳበ፣ ሆዷ ተንቀጠቀጠ። አንድ ነገር ከጉሮሮዋ ደርሶ ተመለሰ። እንደገና ተኛች። ፀሐይ ከድንጋዩ ተነሥታ አጥሩ ላይ እስክትደርስ አላስመለሳትም። ሦስት ፍሬ ጨመርኩላት። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ አቅፌያት ወደ ዘርትሁን ቤት ገባሁ።

ሐመልማል ቀድማኝ ተቀምጣለች። ዘርትሁን ትራስ ተደግፋ ቀና ብላለች።

«ልደቱ፣ ና ወደዚህ። ሻሺቱ ምን በላች?»

«ዶርቃ መርፌ ወጋቻት።»

«መርፌ አልጠየቅኩህም። ሐመልማል ሌላ ነገር አየሁ ትላለች።»

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለች ሐመልማል። «ከእስላም ሉካንዳ ሲወጡ፣ ፌስታል ይዘው። ከዚያ ወዲያ ፈጣሪ ይወቅ።»

ዘርትሁን ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም።

«ሥጋ አብልተሃታል?»

አዎ ብል ስለቱ ፈርሷል፤ እግሬ አይቆምም ብላ ታምናለች፣ እህልም አትቀምስም። ድመቷ በእቅፌ ውስጥ ሆና አፏን ትልሳለች።

«ራጉኤልን በል» አለች።

በሕይወቴ በሐሰት ምዬ አላውቅም። መጋዘን ስጠብቅ እንኳ፣ አንድ የሐሰት ቃል ብምል እንጀራዬ የማይቋረጥበት ቀን ነበር፤ አልማልኩም፣ ተባረርኩ።

«ራጉኤልን» አልኩ። «ሥጋ አልቀመሰችም።»

«ፌስታሉስ?» አለች ሐመልማል።

«የኔ ነው። ለራሴ ነው የገዛሁት።»

ሐመልማል ብድግ ብላ አማተበች። «በስመ አብ! በሁዳዴ? የእስላም ሥጋ? በዚህ ዕድሜዎ ጋሽ ልደቱ?»

ዘርትሁን እጄን አየች፤ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ድመቷን ተቀብላ ጎኗ አስተኛቻት።

«ሐመልማል» አለች፣ «ሽሮውን አሙቂልኝ።»

ዘጠኝ ጊዜ ጎረሰች። ከዚያ በኋላ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የዕድር ስብሰባ ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠ የለም። አንዱ «ጮማው እንዴት ነበር ልደቱ?» አለኝ፤ ሌሎቹ ወደ መሬት አዩ። እኔ ድመቷን ለመርፌ ነው እያልኩ በየቀኑ እወስዳት ነበር። በየቀኑም ላምበረት ወረድኩ። በሳምንቱ ተቅማጡ ቆመ። ዘርትሁን በላች።

የነፍስ አባቴ አባ በርናባስ አስጠሩኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ድመቷን ማን ክርስትና አነሣት?» አሉ። «ጾም የታዘዘው ለሰው ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ስለቷን እፈታላት ነበር።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። መንገዱን ሁሉ ስሄድ የነፍስ አባት መኖሩን ረስቼ ነበር።

«መሐላው ግን መሐላ ነው» አሉ። «እስከ ስቅለት በየቀኑ መቶ ስገድ። ዓርብ ዓርብ በእግርህ ራጉኤል ውጣ። ስለ ስምህ ደግሞ እኔ ለሠፈሩ ልንገርልህ።»

«አይንገሩ አባ። ሐመልማል ካወቀች ዘርትሁን ታውቃለች።»

ተዉኝ።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ዓርብ ከራጉኤል ስመለስ ዘርትሁን ምርኩዝ ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማለች። ቆማ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ድመቷ እግሯ ሥር አለች።

«ጉልበትህ ምን ሆነ?» አለች።

«እርጅና ነው።»

«ስንት አዘዙብህ?»

ከጉልበቴ ላይ አቧራውን አራገፍኩ።

«የሥጋ ሽታ የማላውቅ መሰለህ? ሻሺቱ በእቅፍህ ሆና ከጢሟ ላይ ደም ስትልስ አይቻለሁ። ያኔ ነው በልታለች ብዬ እህል ያሰኘኝ።»

«ታዲያ ለምን አስማልሽኝ?»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት አንገትህን ደፍተህ ታየኛለህ! ማገዶ ታመጣለህ፣ እመልሳለሁ። አጥሬን ታጥራለህ፣ አፈርሰዋለሁ። ተወው ብልህ አልተውክም። እንደ ባለዕዳ የሚያይ ጎረቤት እንዴት እንደሚሰለች አታውቅም። ይክፈል ካልኩ እኔ በከፈልኩበት ይክፈል ብዬ ነው። ሥጋውን ለራሴ ነው ማለትህን ግን እኔ አልጠየቅኩህም። እሱ ትርፍ ነው።»

«ስለትሽስ?»

«የኔና የራጉኤል ነው። እኔ እነግረዋለሁ። ስንት አዘዙብህ ነው የምልህ?»

«በቀን መቶ ስግደት። እስከ ስቅለት።»

«ለኔ ዓመት ነበር» አለች። «የዛሬ ቄሶች ደክመዋል።» ምርኩዟን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «ሐመልማልን ጥራልኝ፤ የምነግራት አለኝ። ቆይ። መጀመሪያ ቀና በል።»

ቀና አልኩ።