ከዘጠና ሰባት በኋላ

መምህር ዋለ ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን አይወድም፤ አለመውደዱንም አይደብቅም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ለማታ ትምህርት የሚመዘገብ ሁሉ በሱ እጅ ስለሚያልፍ ማንንም አይፈራም። ትምህርት አቋርጦ የቆየ ሰው ሲመጣበት ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ይጽፍና ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የለውም፣ ብቸኛ ቁጥር ነው ያለ ይመዘገባል። ሌላው ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ቁጥሩን የመረጠው ወጣት መምህር ሳለ ነው። የተማረበት መጽሐፍ እስከ መቶ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ዘርዝሮ ያበቃል፤ ሃያ አምስት ናቸው፣ የመጨረሻው ዘጠና ሰባት። በሃያ አምስቱም አካፈለው፤ በሁሉም ቀሪ ተረፈው። ዝርዝሩ ሲያልቅ እሱም አበቃ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ቁጥር ሰው ሲያባርር ኖረ፣ ይባስ ብሎም ይኮራበታል።

ራዚያ የመጣችው በምዝገባው የመጨረሻ ቀን፣ ከሰዓት ነው። ከአርዲቦ በኩል በባጃጅ ስትንገላታ መጥታ አቧራዋን እንኳ አላራገፈችም። ጅዳ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታለች። አሁን አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነርስ መሆን ትፈልጋለች፤ ዛሬ ካልተመዘገበች ደግሞ ዓመቱ አለቀ። ዋለ ቀና ብሎ ሳያያት፣ ሳህን ሲያጥብ የኖረ እጅ ጠመኔ እንደማይሆንለት ነገራት። እንደ ልማዱ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ያችኑ ጥያቄ ጠየቃት። ወደ ሰሌዳው ሄዳ ጠመኔውን አነሳች።

9,901 በመቶ ሲባዛ 990,100 ብላ ጻፈች። ከሥሩ አንድ 9,901 ጨመረች። ድምሩ 1,000,001 መጣ።

"በመቶ አንድ ይካፈላል" አለች።

ዋለ ደሙ ፈላ። ከስልክ ያገኘችው መስሎት ስልክሽን አምጪ አላት፤ ሰጠችው፣ ባትሪው የሞተ ስልክ ነው። ራሱ አባዛው። ደግሞ አባዛው። ያው ነው። አፈረ፤ ማፈሩ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። ማን ነገረሽ ብሎ አፋጠጣት።

"እህቴ ሀኒያ። የዛሬ ሰባት ዓመት እዚሁ ቆማ መቶ አንድ ብላዎት ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ የለም ብለው መለሷት። ወላሂ፣ አባዝተው እንኳ አላዩትም።"

አስታወሳት። ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ሰው ፊት ስቆባታል።  መዝገቡን ገለጠና የራዚያን ስም ጻፈ፤ እንድትፈርም እስክሪብቶውን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

"የሷንም ይጻፉት።"

"እሷ የታለች?" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

"ሪያድ፣ የሰው ኩሽና ውስጥ። የላኳት አንቱ ነዎት።"

ዋለ በሩን አየ። ራዚያ ግን የሀኒያን ስም እስኪጽፍ ድረስ ከፊቱ ንቅንቅ አላለችም።