ሁለት ሥራ ሲይዝ የሚፈጥነው ኮምፒውተር

እኔ ዝም ማለት አልችልበትም። ያን ቀንም አልቻልሁበትም።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ዓመት ሲቀረው ነው፤ ፍኖተ ሰላም፣ ጸሐፊ ሆኜ የምሠራበት የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት። ናሁሰናይ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ከባሕር ዳር መጣ። የኔ አሮጌ ኮምፒውተር ፈተናውን ካለፈ ኮምፒውተሩም እኔም እንቆያለን። ከወደቀ አዲስ ኮምፒውተር ከነጸሐፊው ይመጣል፤ አሮጌው ወደ መጋዘን፣ እኔ ወደ ቤቴ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዳኘው ይህን ሲነግሩኝ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ልጄ መስከረም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ያላት እኔን ብቻ ነው።

ፈተናው የቡሬና የአካባቢውን ዘጠኝ ሺህ ገበሬ ስም በፊደል ተራ ማስደርደር ነበር። ናሁሰናይ፣ ለማለፍ በአሥር ደቂቃ ማለቅ አለበት ብሎ አስጀመረና ሰዓቱን ያዘ። እኔም እንደ ልማዴ፣ አቧራ እንዳይገባበት፣ ዳንቴሌን ስክሪኑ ላይ ጣል አደረግሁ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

"አሁን ደግሞ ሁለት ሥራ እንጫንበት። እሱ ሲደረድር እርስዎ ደብዳቤ ይጻፉበት፣ እትየ እታለም" አለኝ።

በልቤ አለቀልኝ አልሁ። ባንዱ የተንፏቀቀ በሁለቱ ምን ሊሆን ነው? ዳንቴሉን አንሥቼ መጻፍ ጀመርሁ። ገጹን ሳልጨርስ ድርደራው አለቀ። ስምንት ደቂቃ።

ናሁሰናይ ሰዓቱንም እኔንም አየ። "ጭነት ሲጨመርበት የሚፈጥን አህያ አይተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም። የነካኩት ነገር ካለ ይንገሩኝ። አለዚያ ውጤቱ አይታመንም ብዬ እጽፋለሁ።"

ደሜ ፈላ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያገለገልሁ ሴትዮ፣ ዛሬ አታላይ ልባል? ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው አላስነካም ብዬ የፈረምሁበት ወረቀት እንኳ ከራሴ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ግን ፍርሃቴ ከንዴቴ በለጠ።

"እባክህ አንድ ጊዜ ድገመው" ብዬ ለመንሁት።

አስጀመረው፤ እኔም ዳንቴሉን መለስሁ። አሥር ደቂቃ አለፈ። መቀመጥ አቃተኝ። ምን ያህል እንደቀረው ልይ ብዬ ዳንቴሉን ገለጥ ሳደርግ የመስከረም ስም በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ስክሪኑ ላይ ይሽከረከራል።

ወዲያው ትዝ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ሰሞን እዚህ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ፣ "እማ፣ ስናፍቅሽ እንድታይው" ብላ ስትነካካው ነበር። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ዳንቴል እያለበስሁ አንድ ቀን አላየሁትም።

ናሁሰናይ ሣቅ አለ። "ስክሪን ሴቨር ይባላል፤ ሰው ካልነካው ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ይመጣል። ይህን ማሽከርከር ለዚህ አሮጌ ከገበሬው ስም ሁሉ ይከብደዋል። እርስዎ ሲጽፉበት ግን አይመጣም። ማን ነው ያስገባው?"

ወረቀቱ ከራሴ በላይ ነው። "ልጄ ናት" አልሁ። ሌላ ምን ልበል?

ቀና ብሎ ወረቀቱን አነበበ።

"እኔም አልጠየቅሁ፣ እርስዎም አልመለሱ" አለና መዝገቡ ላይ፣ የመዘግየቱ ምክንያት ዳንቴል ነው ብሎ ጻፈ። "በሉ ስሙን ያጥፉትና እንለካው።"

ለካስ ካምና ጀምሮ ምሳ በልቼ ስመለስ ሥራው ሳያልቅ የሚጠብቀኝ፣ አቶ ዳኘውም ቀርፋፋ የሚሉኝ በዚህ ነው። ለእሷ ብዬ የሙጥኝ ያልሁትን እንጀራ ስሟ ሲበላው ከርሟል። እንዲያም ሆኖ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ።

"አንተው አጥፋው" አልሁትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ሰባት ደቂቃ ፈጀ።