የካሚላ ሻሽ

«ካሚላ እኮ እንቅርቷን ካስወጣች ወዲህ ሰላምታ አትመልስም» ትል ነበር ክር ሻጯ ሱሀይር። ጠዋት ትለዋለች፣ ሱቅ ሲዘጋ ትለዋለች፤ ሰሚ ያጣች እንደሆነም ክሯን እያጠነጠነች ለራሷ ትለዋለች።

አስያ ወሬውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም ነበር። ሱሀይር ያላማችው ሰው በጎጃም በረንዳ ገና አልተወለደም። ነገር ግን ከቆርቆሮ ባልዲና ኩራዝ የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ ረዲ ካሚላን ሊያገባ ልቡ ቆርጧል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ የቤቱ ቃል የአስያ ነው።

«እታለም፣ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት እስቲ ጠባይዋን እዪልኝ» አላት።

የካሚላ አባት ጋሽ ኑሪ አቡጀዲና ሻሽ የሚሸጡት ከረዲ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። አስያ በማግሥቱ፣ ረዲ ከኋላዋ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ፣ ተሻግራ በሩ ላይ ቆመችና «አሰላሙ አለይኩም» አለች። ካሚላ እስከ አፍንጫዋ የተከናነበችውን ሻሽ ዝቅ አደረገች። ጠባሳው ያልከሰመ ቀጭን አንገቷ ታየ። መልስ ግን የለም። ዋጋ የሚናገሩት አባቷ ናቸው፤ እሷ እየለካች መቁረጥ ብቻ። በሌላውም ቀን እንዲሁ ሆነ። በማንም ፊት ዝቅ ብላ የማታውቀው አስያ ደሟ ፈላ።

«ሰላም ስላት አንገቷን ገልጣ ታሳየኛለች እንጂ አትመልስም» አለችው ረዲን። «የሐኪሙ ቢላዋ እንቅርቷን ነቅሎ ኩራት ተክሎባታል።»

አነጋገሯ ለራሷም ጣፈጣት። ለሱሀይር ደገመችላት፤ ሱሀይር ለገበያው አዳረሰችው። ረዲ ብዙ ቀን መዶሻውን ከወትሮው አጥብቆ መታ፤ በመጨረሻ እህቱ የመረጠችለትን የመሳለሚያዋን ጠሂራን አገባ።

የሠርጉ ሳምንት ሱቁ ዝግ ነበር። አስያ አቧራ ልታራግፍ ስትከፍት መንገዱ እንግዳ ሆነባት፤ መዶሻ የለም። ማዶ፣ የጃንሆይ ፎቶ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ካሚላ ብቻዋን ተቀምጣለች። ነገሩ አልፏል፣ እንግዲህ ትልቅ ሰው ልሁን ብላ ተሻገረችና ሰላም አለቻት። ሻሹ ዝቅ አለ።

«ወአለይኩሙ ሰላም።»

ከተቀደደ ወናፍ እንደሚያመልጥ አየር ያለ ትንፋሽ ነበር።

አስያ ምን እንዳገኛት ጠየቀቻት። ካሚላ በየቃሉ አየር እየሳበች ነገረቻት። እንቅርቱ ሲወጣ ማንቁርቷን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ተነክቷል፤ ድምፅ የሚሰጡት ሁለቱ የጉሮሮ ጅማቶች አንገናኝ ብለዋል፤ ትንፋሿ በመሀላቸው ያመልጣል። ሐኪሙ ድምፁ ሊመለስ ይችላል ስላሉ፣ እናቷ እስከዚያ ነገሩን ለማንም እንዳትናገር አስምለዋታል። ድምፅ የሌላትን ልጅ ማን ይጠይቃል ብለው።

አስያ ፊቷን የምታስገባበት አጣች። ያ የጣፈጣት አነጋገር መላው በረንዳ አፍ ላይ ነው፤ ማን ይሰበስበዋል?

«ታዲያ አንገትሽን ለምን ታሳዪኝ ነበር?» አለች። ድምጿ ጮኾ ተሰማትና በድምጿም አፈረች።

ካሚላ ማዶ ወዳለው ወደ ረዲ ሱቅ ተመለከተች።

«አንገቴን አይደለም፣ እትዬ አስያ። መዶሻው ስለማያሰማዎ፣ ከንፈሬን እንዲያዩ ብዬ ነው።»